ከጃፓንኛ ሰዋስው የቱ ይቅደም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፤ እንደምን ሰነበቱ? የባሕር ዳር ነዋሪ ስሆን የምተዳደረው እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌና በሐይቁ ላይ ወዳሉት ገዳማት እየወሰድሁ በማስጎብኘት ነው። ጃፓንኛ መማር ከጀመርሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። ሁለቱን የቃና ፊደሎች ለይቻለሁ፤ ሰላምታውና ቁጥሩም አያስቸግረኝም። የቸገረኝ የሰዋስው ቅደም ተከተል ነው። «ሚንና ኖ ኒሆንጎ» የተባለው መማሪያ መጽሐፌ አንድ መንገድ ያሳየኛል፤ በስልኬ ያወረድሁት የችሎታ ፈተና ዝርዝር ሌላ መንገድ ያሳየኛል፤ በልጅነቱ ቅኔ ቤት የቆየ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «መጀመሪያ ግሱን በሙሉ አጥና፤ የቀረው ራሱ ይከተልሃል» ይለኛል። ሦስቱንም ጀምሬ አንዱንም ሳልጨርስ 14ኛው ትምህርት ላይ ቆሜያለሁ። የትኛውን ልከተል? ከሥራዬ ጋር የሚሄድ አጠር ያለ መንገድስ ይኖር ይሆን?

አስጎብኚው፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ ደብዳቤዎን እንዳነበብሁ ዓይኔ ያረፈው የቆሙበት ቦታ ላይ ነው። የያዙት መጽሐፍ የጀማሪ ክፍሉ በሁለት ቅጽ 50 ትምህርቶች አሉት፤ 14ኛው ደግሞ «ቴ» የሚባለው የግስ ቅርጽ የሚጀመርበት ነው። እስከዚያ ድረስ ግሶቹ ሁሉ በ«ማስ» ስለሚያልቁ ተማሪው ስለ አረባባቸው ሳይጨነቅ ይራመዳል። 14ኛው ላይ ሲደርስ ግን አንዱ ግስ «ኢቴ»፣ ሌላው «ንዴ»፣ ሦስተኛው «ትቴ» እያለ ሲበተንበት ቅደም ተከተሉ የተበላሸ ይመስለውና ሌላ መጽሐፍ ፍለጋ ይሄዳል። እኔም በጊዜዬ እንዲሁ አድርጌያለሁ፤ የሦስት መጽሐፍ የመጀመሪያ እኩሌታ በቃሌ ይዤ የአንዱንም መጨረሻ ሳላውቅ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ስለዚህ ምክሬን ላስቀድም፦ መጽሐፉን አይልቀቁ፤ ቅደም ተከተሉንም ከጥቂት ቦታ በቀር አይንኩ፤ የሚለውጡት ለየትምህርቱ የሚሰጡትን ጊዜ ይሁን። መጽሐፉ የተዘጋጀው ከየትም አገር ለመጣ ተማሪ ስለሆነ አማርኛ ተናጋሪ ያለ ድካም የሚያገኘውን ነገር ረጅም ጊዜ ወስዶ ያስተምራል፤ አማርኛ የሚያሳስተንን ደግሞ አንዳንዴ በአንድ መስመር ያልፈዋል።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልበል። ለአምዱ ሲባል ጃፓንኛውን በእኛ ፊደል እጽፈዋለሁ፤ እርስዎ ግን በደብተርዎ ሁልጊዜ በቃና ይጻፉት። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «አለ» ብለን ጽፈን ተናገረ ለማለት ይሁን መኖሩን ለመግለጽ አንባቢው ከአገባቡ እንዲለየው እንተወዋለን። በጃፓንኛ ግን «ኪቴ» ሲላላ «ለብሶ»፣ ሲጠብቅ «ቆርጦ» ነው። እዚህ የሚጠብቀውን ድምፅ በሳድስ እየደገምሁ «ኪትቴ» ብዬ፣ ረጅሙን አናባቢ ደግሞ «ኦኦ» እያልሁ አሳያለሁ። ጆሯችን መጥበቅን ከልጅነቱ ስለሚያውቅ በዚህ በኩል የሚያሰጋዎ ነገር የለም።

አሁን ወደ ሦስቱ መንገዶች። በስልክዎ ያለው ዝርዝር የተመሠረተበት የጃፓንኛ ቋንቋ ችሎታ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1984 ተጀምሮ ከ2010 ወዲህ አምስት ደረጃዎች አሉት፤ ከታች ኤን 5፣ ከላይ ኤን 1። በ2010 ከተሻሻለ በኋላ አዘጋጆቹ ለየደረጃው ይፋ የሰዋስው ዝርዝር አያወጡም። በየስልኩ የሚዞሩት ዝርዝሮች መምህራንና አሳታሚዎች ገምተው ያሰባሰቧቸው ናቸው። ቢታመኑ እንኳ አንድ ደረጃ ሲጠናቀቅ ምን ምን መታወቅ እንዳለበት ይነግሩዎታል እንጂ የትኛው ቅርጽ በየትኛው ላይ እንደሚቆም አይነግሩዎትም። ዝርዝሩን በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ አውጥተው ራስዎን ይፈትሹበት፤ ለመማሪያነት ግን አይሁን።

የባልደረባዎ ምክር እኩሌታው እውነት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስለት። በቅኔ ቤት ግስና ርባ ቅምር መሠረት መሆናቸው አያጠያይቅም። ሆኖም ተማሪው ግሱን ሁሉ እስኪጨርስ አፉን ዘግቶ አይቀመጥም፤ ግሱን እያጠና ባለሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ እያለ እያለ ባለስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። ጃፓንኛም እንዲሁ ነው። የግሱን አረባብ ሠንጠረዥ በአንድ ወር በቃልዎ ቢይዙት እንኳ በየቅርጹ የሚነገር ዓረፍተ ነገር ከሌለዎ በሁለተኛው ወር ይጠፋል። ባልደረባዎ ትክክል የሆነው የጃፓንኛ ግስ አረባብ ለእኛ ከሚታሰበው በላይ የቀለለ በመሆኑና ከመጽሐፉ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢታይ የማይጎዳ በመሆኑ ነው።

ለምን እንደቀለለ ላሳይዎ። ከሁለቱ ወጣ ገባ ግሶች፣ ማለትም ከ«ሱሩ» (ማድረግ) እና ከ«ኩሩ» (መምጣት) በቀር የጃፓንኛ ግሶች ሁሉ ሁለት ወገን ናቸው። የሁለተኛው ወገን ግስ ግንዱ አይነቃነቅም፤ «ታቤሩ» (መብላት) በአሉታ «ታቤናይ»፣ በትሕትና «ታቤማስ» ይሆናል። የመጀመሪያው ወገን ግስ ደግሞ የመጨረሻ ፊደሉ በአናባቢ እየተለዋወጠ ይረባል። «ካኩ» (መጻፍ) የሚለውን ይመልከቱ፦ «ካካናይ» አልጽፍም፣ «ካኪማስ» በትሕትና እጽፋለሁ፣ «ካኩ» ራሱ የመዝገበ ቃላት ቅርጹ፣ «ካኬሩ» መጻፍ እችላለሁ፣ «ካኮኦ» እንጻፍ። በሌላ አነጋገር ያች የመጨረሻ ፊደል በራብዕ፣ በሣልስ፣ በካዕብ፣ በኃምስና በሳብዕ ትመላለሳለች፤ ግዕዝና ሳድስ ብቻ ሥራ ፈት ናቸው። የውጭ ተማሪዎች አምስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ ለጥፈው የሚያጠኑትን ነገር ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ያለ ሰው ከነአካሄዱ ያውቀዋል። በ«ሳ» እና በ«ታ» ረድፍ ላይ ድምፁ ትንሽ ይንሸራተታል፤ «ሃናሱ» (መናገር) «ሃናሲማስ» ሳይሆን «ሃናሺማስ» ይላል። ይህም በሁለት ቀን ይለመዳል።

ከዚህ በመነሣት ከመጽሐፉ እንዲለዩ የምመክርበት ዋናው ቦታ ይህ ነው፦ 14ኛውን ከመቀጠልዎ በፊት 18ኛው ትምህርት ላይ ያለውን የመዝገበ ቃላት ቅርጽ ብቻ አውጥተው እስካሁን የተማሯቸውን ግሶች ሁሉ በእሱ ይጻፏቸው። ሁለት ሳምንት ቢፈጅ አይከፉ። የ«ቴ» ሕግ ከ«ማስ» ሲነሡ ጭጋግ ነው፤ ከመዝገበ ቃላት ቅርጽ ሲነሡ ግን የመጨረሻ ፊደሏን አይቶ መፍረድ ብቻ ይሆናል። በመጀመሪያው ወገን «ኩ» ወደ «ኢቴ»፣ «ጉ» ወደ «ኢዴ»፣ «ሱ» ወደ «ሺቴ»፣ «ሙ»፣ «ቡ» እና «ኑ» ወደ «ንዴ»፣ «ኡ»፣ «ትሱ» እና «ሩ» ወደ «ትቴ» ይሄዳሉ፤ ከሕጉ የሚወጣው «ኢኩ» (መሄድ) ብቻ ሲሆን እሱም «ኢትቴ» ይላል። የሁለተኛው ወገን «ሩ»ን ጥሎ «ቴ» ይቀበላል። «ኪሩ» የሚለው ቃል ከመጀመሪያው ወገን ሲሆን «መቁረጥ»፣ ከሁለተኛው ሲሆን «መልበስ» ነው፤ ከላይ ያየናቸው «ኪትቴ» እና «ኪቴ» የተለያዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። «ቴ» ከተያዘ «ታ» የሚለው ያለፈ ጊዜ ከነሙሉ ሕጉ አብሮ ይመጣል፤ «ኖንዴ» ጠጥቶ፣ «ኖንዳ» ጠጣ።

«ቴ» ራሱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ቡና ጠጥቼ ወጣሁ» ስንል «ጠጥቼ» የሚሠራውን ሥራ «ኖንዴ» ይሠራል፤ ቦታውም ያው ነው። እንዲያውም የኛ ይበልጥ የከበደ ነው፤ ጠጥቼ፣ ጠጥተህ፣ ጠጥታ፣ ጠጥተው እያልን ለየሰዉ ስንለውጥ ጃፓኖቹ ለሁሉም «ኖንዴ» ብለው ያልፋሉ። ከሁሉ የሚገርመው በ«ቴ» ላይ የሚቀጠሉት ረዳት ግሶች ናቸው። እኛ «ሞክሬ አየሁ» እንላለን፤ እነሱም «ያትቴ ሚማሺታ» ይላሉ፤ «ሚሩ» ማየት ነው። እኛ «ለነገ ገዝቼ አስቀመጥሁ» እንላለን፤ እነሱም «ካትቴ ኦኪማሺታ» ይላሉ፤ «ኦኩ» ማስቀመጥ ነው። «ጠፍቶ ቀረ» ስንል በ«ቀረ» የምናሰማውን ቁጭት እነሱ በ«ሺማኡ» ያሰማሉ፤ «ናኩናትቴ ሺማይማሺታ»። መጽሐፉ እነዚህን የሚያመጣቸው ቆይቶ በሁለተኛው ቅጽ፣ ከ29ኛው እስከ 40ኛው ትምህርት ባለው ውስጥ ነው። እርስዎ ግን «ቴ» በገባዎ ሳምንት ይዩዋቸው፤ ከአንድ ከሰዓት በኋላ የበለጠ አይወስዱብዎትም፤ «ቴ»ንም አጥብቀው ይሰፉልዎታል።

እዚያው አጠገብ ግን ወጥመድ አለ። «ቴ ኢማስ» የሚለው ከ«ቴ» እና «አለ» ከሚል ግስ የተሠራ ነው፤ የኛ «ተቀምጧል»ም «ተቀምጦ» እና «አለ» ነው። ስለዚህ «ሱዋትቴ ኢማስ» ተቀምጧል፣ «ኬክኮን ሺቴ ኢማስ» አግብቷል ማለት መሆኑ ሌላው ዓለም ሲደናገርበት ለኛ ግልጽ ነው። ይህን አይተን ግን «ታቤቴ ኢማስ» የሚለውን «በልቷል» ብለን እንተረጉመዋለን፤ እሱ ደግሞ «እየበላ ነው» ማለት ነው። እንደ መቀመጥ፣ ማግባት፣ መሞት ያሉ አንዴ ሆነው ሁኔታን የሚተዉ ግሶች እንደኛ ይሄዳሉ፤ እንደ መብላት፣ መጻፍ፣ መሮጥ ያሉ የሚቆዩ ድርጊቶች በ«እየ» ይሄዳሉ። ለዚህ መጽሐፉ ከሚሰጠው ጊዜ እጥፍ ይስጡት።

ወደ ሥራዎ ስንመጣም «ቴ» ዋናው መሣሪያዎ ነው። ከጀልባ ሲወርዱ «አሺሞቶ ኒ ኪ ኦ ትሱኬቴ ኩዳሳይ» (እግርዎን ይጠንቀቁ)፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲደርሱ «ኩትሱ ኦ ኑኢዴ ኩዳሳይ» (ጫማዎን ያውልቁ) ለማለት የሚያስፈልገው እሱ ነው። ጫማ ማውለቁ ላይ ማብራሪያ አያስፈልግዎም፤ በቤታቸውም ያወልቃሉ። ፎቶ ማንሣት በሚፈቀድበት ቦታ «ሻሺን ኦ ቶትቴ ሞ ኢኢ ዴስ» የሚለው 15ኛው ትምህርት ላይ ይጠብቅዎታል።

ወደ ኋላ ተመልሰው እንዲያጠብቁት የምመክረው አንድ የቀደመ ትምህርት አለ፤ ቅጽል ነው። አማርኛ ከቅጽል በኋላ «ነው» ወይም «ነበር» ብሎ ስለሚገላገል እኛም «ዴስ» እና «ዴሺታ»ን እየለጠፍን እንሄዳለን። «ሐይቁ ጸጥ ያለ ነበር» ለማለት «ሚዙኡሚ ዋ ሺዙካ ዴሺታ» ትክክል ነው። «ውኃው ቀዝቃዛ ነበር» ለማለት «ሚዙ ዋ ትሱሜታይ ዴሺታ» ካልን ግን ተሳስተናል፤ በ«ኢ» የሚያልቀው ቅጽል እንደ ግስ ራሱ ይረባልና «ትሱሜታካትታ ዴስ» መባል አለበት። ይህን ስሕተት እንደ ቀላል አይዩት። «አልጽፍም» የሚለው «ናይ» እና «እፈልጋለሁ» የሚለው «ታይ» ሁለቱም ልክ እንደዚህ ቅጽል ይረባሉ፤ «ካካናካትታ» አልጻፍሁም፣ «ኢኪታካትታ» መሄድ ፈልጌ ነበር። ቅጽሉ ያልጸና ተማሪ 17ኛው ትምህርት ላይ «ናይ» ሲመጣበት እንደ አዲስ ይጨነቃል።

በፍጥነት የሚያልፏቸው ብዙ ናቸው። ግሱ መጨረሻ ላይ መሆኑን ለኛ ማስተማር አያስፈልግም። «ኦ» ከሞላ ጎደል የኛ «ን» ነው። «ሞ» የኛ «ም» ነው፤ «ዋታሺ ሞ» እኔም፣ «ዳሬ ሞ ኪማሴን ዴሺታ» ማንም አልመጣም፣ «ናኒ ሞ ታቤማሴን ዴሺታ» ምንም አልበላሁም። ጥያቄ ቃል ላይ «ም» ጨምሮ በአሉታ መዝጋት ለብዙዎች አንድ ሙሉ ትምህርት ነው፤ ለእርስዎ የቡና መጠጫ ያህል ጊዜ ይበቃዋል። መኖርን ለመግለጽ ብቻ ይጠንቀቁ፤ እኛ ለሁሉም «አለ» ስንል እነሱ ነፍስ ላለው «ኢማስ»፣ ለሌለው «አሪማስ» ይላሉ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ለእንግዳ ሲያሳዩ «ካባ ጋ ኢማስ» ይበሉ። በጃፓንኛ ጉማሬ «ካባ» መባሉን መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ሙሽራ ለብሶት የሚወጣው ካባ ዓይኔ ላይ መጥቶ ትምህርቱን አቋርጬ ስቄያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቃሉን አልረሳሁትም።

ከ20ኛው እስከ 22ኛው ያሉት ትምህርቶች ለአስጎብኚ ወርቅ ናቸው። 22ኛው ግስን በስም ፊት አስቀምጦ ስሙን መግለጽን ያስተምራል። «ዘጌ የበቀለ ቡና» ስንል ገላጩ ከስሙ ይቀድማል፤ «ዘጌ ዴ ቶሬታ ኮኦሂኢ» ሲሉም እንዲሁ። ከአውሮፓ ቋንቋ የሚመጡ ተማሪዎች ዓረፍተ ነገሩን ገልብጠው ማሰብ የሚጀምሩት እዚህ ነው፤ እኛ ቀጥ ብለን እናልፋለን። ሆኖም የኛ «የ» ሁለት ሥራ ስላለው ይከዳናል። «የእኔ መጽሐፍ» «ዋታሺ ኖ ሆን» ነው፤ ስለዚህ «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ሲመጣ «ካትታ ኖ ሆን» ብለን «ኖ» እንሰነቅራለን። ግሱ ስሙን ያለ ምንም ማያያዣ ይነካዋል፤ «ኪኖኦ ካትታ ሆን»። እኔ ይህን «ኖ» ከአፌ ለማውጣት ከዓመት በላይ ፈጅቶብኛል፤ እርስዎ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይጠብቁት።

«ዋ» እና «ጋ» ስለሚባሉት ሁለት ቅንጣቶች ብዙ ተማሪ ገና በአንደኛው ትምህርት ራሱን ያደክማል። የኔ ፍርድ እስከ 22ኛው ይተዋቸው የሚል ነው፤ መጽሐፉ እንዳሳየዎ ይናገሩ እንጂ ምክንያት አይፈልጉ። ከ22ኛው በኋላ ይመለሱባቸው፤ ምክንያቱም በገላጭ ሐረግ ውስጥ ባለቤቱ «ጋ» መያዙን ሲያዩ («ዋታሺ ጋ ካትታ ሆን») የ«ጋ» ሥራ በግማሽ ይገለጥልዎታል። ሌላውን እኩሌታ አማርኛ ይነግርዎታል፦ «ቡናስ?» ስንል ያለችው «ስ» ለ«ዋ» ትቀርባለች («ኮኦሂኢ ዋ?»)፤ «ማን መጣ?» ተብለን «እሱ ነው የመጣው» ብለን በምንመልስበት ቦታ ደግሞ «ጋ» ይገባል፤ «ካሬ ጋ ኪማሺታ»።

በመጨረሻ 24ኛው። «ገዛልኝ» የምንለው «ካትቴ ኩሬማሺታ» ነው፤ የኛ «ልኝ» ሥራውን በደንብ ያስረዳልና ትምህርቱ አይከብድዎም። ችግሩ በሌላ አቅጣጫ ነው። «ቦርሳዎን ልያዝልዎ» በአማርኛ አክብሮት ነው፤ ቃል በቃል «ሞትቴ አጌማስ» ቢሉት ግን ለእንግዳው ውለታ እንደሚውሉለት ያስመስላል፤ ለሚከበር ሰው አይባልም። «ኦሞቺ ሺማሾኦ ካ» ይበሉ። ይህ አነጋገር በመጽሐፉ የሚገኘው 50ኛው ላይ ነው፤ እርስዎ ግን እንግዳዎ ነገ ሊመጣ ስለሚችል ሰዋስውን ሳይመረምሩ እንደ ሰላምታ በቃልዎ ይያዙት፤ «ጎራን ኩዳሳይ» (እባክዎ ይመልከቱ) የሚለውንም እንዲሁ። ከሥራዎ ጋር የሚሄደው አጭር መንገድ እንደዚህ ያሉትን አሥር አሥራ አምስት ንግግሮች ከትምህርቱ ጎን በቃል መያዝ ነው፤ ትምህርቱን የሚያሳጥር ሌላ መንገድ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የዚሁ መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጽ 25 ትምህርቶች በቅርቡ ጨርሻለሁ። የሁለተኛውን ቅጽ ስገልጠው «ቢሆን» ለማለት ብቻ አራት መንገድ፣ ተደራጊና አስደራጊ፣ የአክብሮት ንግግር በአንድነት አስፈራሩኝ። እንዳለ ልከተለው ወይስ የማስቀድመው አለ?

ተማሪዋ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ እኅታችን፤ በቅደም ተከተሉ ይቀጥሉ፤ ነገር ግን 29ኛው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቁሙ። እዚያ የሚጀምረው የግስ ጥንድ ነው፦ «አኩ» ተከፈተ፣ «አኬሩ» ከፈተ፤ «ሃይሩ» ገባ፣ «ኢሬሩ» አስገባ፤ «ዴሩ» ወጣ፣ «ዳሱ» አወጣ። እኛ በ«ተ»፣ በ«አ» እና በ«አስ» ከአንድ ሥር ስለምናወጣቸው ሐሳቡ የታወቀ ነው፤ ጃፓንኛው ግን ቋሚ ሕግ ስለሌለው እያንዳንዱን ጥንድ አብሮ መያዝ ግድ ይላል። ይህ ሳይጠና 30ኛው ላይ «ማዶ ጋ አይቴ ኢማስ» (መስኮቱ ተከፍቷል) እና «ማዶ ጋ አኬቴ አሪማስ» (መስኮቱን ሰው ሆን ብሎ ከፍቶታል) የሚሉት ሲመጡ ልዩነታቸው አይታይም።

ከአራቱ «ቢሆን»ዎች «ታራ»ን አስቀድመው በመጀመሪያው ቅጽ መጨረሻ አግኝተዋል፤ እስኪበቃዎ ድረስ እሱን ብቻ ይናገሩ። የኛን «ከ»ም «ስ»ም ይሸፍናል፦ «አሜ ጋ ፉትታራ ኢኪማሴን» ዝናብ ከዘነበ አንሄድም፤ «ዘጌ ኒ ትሱይታራ ኮኦሂኢ ኦ ኖሚማሾኦ» ዘጌ ስንደርስ ቡና እንጠጣ። «ባ» እና «ናራ» በ35ኛው ሲመጡ ከ«ታራ» የሚለዩበትን ብቻ ይማሩ። «ቶ» ሁልጊዜ ለሚከተል ነገር ነው፤ «ይህን መንገድ ቀጥ ብለው ሲሄዱ ሐይቁ ይታያል» ለሚለው ይስማማል፤ ከኋላው ግን ልመናና ፈቃድ አይከተልም። በዚሁ ይብቃው።

ተደራጊው 37ኛው ላይ ነው፤ ብዙ መምህራን ከባድ ነው ይሉታል፤ ለኛ ግን እጅግ የሚያስደስተው ክፍል ይህ ይመስለኛል። «ቦርሳዬን ተሰረቅሁ» እንላለን እንጂ ሁልጊዜ «ቦርሳዬ ተሰረቀ» አንልም። ግሱ ተደራጊ ሆኖ ሳለ «ን» አለመውደቁ ለሰሚው ምንም አይመስለውም። ጃፓንኛውም «ዋታሺ ዋ ሳይፉ ኦ ኑሱማሬማሺታ» ይላል፤ «ኦ» እንዳለ አለ። «አሜ ኒ ፉራሬማሺታ» የሚለውን «በዝናብ ተዘነብሁ» ብሎ የሚተረጉም ተማሪ ይስቃል፤ «ዘነበብኝ» ብሎ የሚተረጉም ግን ይገባዋል፤ በ«ብኝ» የምንናገረው ጉዳት በዚያ ቅርጽ ውስጥ አለ። አሠራሩም የ«ናይ»ን ራብዕ ይከተላል፤ «ኑሱማናይ» አይሰርቅም፣ «ኑሱማሬሩ» ይሰረቃል። በ48ኛው ያለው አስደራጊ ከዚያው ራብዕ ይነሣል፤ «ካካሴሩ» ያስጽፋል። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ሳይሆን በአንድ ደብተር ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይጻፏቸው፤ በመካከላቸው ያሉትን አሥር ትምህርቶች ግን አይዝለሉ።

የአክብሮት ንግግሩን በቦታው፣ መጨረሻ ላይ ይተዉት። «እርስዎ» እና «አንተ»ን ለይተን ያደግን ስለሆንን ቀላል ይመስለናል፤ ስሕተታችንም ከዚሁ ይመጣል። እኛ የምናከብረውን ሰው የትም፣ በማንም ፊት እናከብረዋለን፤ አባታችንን ለባዕድ ስናነሣም «አባቴ ቤት የሉም» እንላለን። ጃፓኖቹ ግን ለውጭ ሰው ስለራሳቸው ቤተሰብ ሲናገሩ ዝቅ ያደርጋሉ፤ «ቺቺ ዋ ኦሪማሴን» ይላሉ። ስለ ሰሚው አባት ሲጠይቁ ደግሞ ቃሉም ግሱም ተለውጦ «ኦቶኦሳን ዋ ኢራሽሻይማስ ካ» ይሆናል። 49ኛው ከፍ ማድረጉን፣ 50ኛው ዝቅ ማድረጉን ያስተምራል፤ እርስዎ ዋናውን ጊዜ ለ50ኛው ይስጡት፤ ራስንና የራስን ሰው ዝቅ የሚያደርግ የግስ ቅርጽ በአማርኛ የለንምና።